አባ ጨምር

በቤታችን አንድ ያልተጻፈ ደንብ አለ፤ ከእኔ አፍ የወጣ ቁጥር ሁሉ ለአራት ይካፈላል። ደንቡን ያወጣችው ባለቤቴ ናት። «ስብሰባው ላይ 40 ሰው ነበር» ስላት በልቧ አሥር ብላ ትይዛለች። «ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝናብ ደበደበኝ» ስላት የግማሽ ሰዓት ያህል ታዝንልኛለች። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ሳይገቡ ማካፈል የለመዱት በዚህ ነው።

ደንቡ ማንንም ሳይጎዳ ብዙ ዘመን ሠርቷል። ችግር የመጣው ተጸጽቼ እውነት ለመናገር የሞከርኩ ዕለት ነው። ገበያ ውስጥ 400 ብር ከኪሴ ተመነተፈ። እንደ ድሮው ቢሆን «ደመወዜን ሙልጭ አድርገው ወሰዱት» እል ነበር። ያን ቀን ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ «400 ብር ተሰረቅኩ» አልኳት። «መቶ ብር ምን አላት፤ እንኳን አንተ ደህና ሆንክ» ብላኝ ወደ ወጧ ዞረች። ያጣሁት 400፣ የታዘነልኝ ለመቶ። ሒሳቡን ቁጭ ብዬ ሳሰላው፣ ለ400 ብር በልኩ እንዲታዘንልኝ 1,600 ማለት ነበረብኝ። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ እውነቱን ሳይጎድል ለማድረስ እንኳ ማጋነን ግዴታዬ ሆኗል።

ሙያዬ እንግሊዝኛ ማስተማር ነው። ትውልዴ ኢንጂባራ፣ እንጀራዬ ዳንግላ። የሥራ ባልደረቦቼ «አባ ጨምር» ይሉኛል። ለማያውቅ ሰው የጌታ ስም ይመስላል፤ አወጣጡም ከዚያው ነው። አፄ ቴዎድሮስ በፈረሳቸው ስም አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። እኔ ፈረሱ ሳይኖረኝ ስሙን ብቻ አገኘሁ። አዊ ምድር ተወልዶ፣ ፈረስ መሀል አድጎ፣ ፈረስ ላይ መቆየት የማይችል ሰው መሆኔን ኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ጥቂት ልከላከል።

ለመከላከያ የማቀርበው ያሳደገኝን ቋንቋ ነው። እናቴ አንድ ነገር አንዴ ነግራኝ ሳልሰማ ከቀረሁ «ሺህ ጊዜ አልነገርኩህም?» ትላለች። ሺህ ያልኩት እኔ አይደለሁም። ሳመሽ «በሐሳብ ገደልከኝ» ትለኛለች፤ ያውም ወገቧን ይዛ ቆማ፣ ድምጿ ሦስተኛው ቤት እየተሰማ። ሽማግሌ ሲመርቅ «ሺህ ዓመት ኑር» ይላል፤ መቶውን እንኳ ማን አየው! በጎጃም ሠርግ ላይ አንዱ ዱላውን ይዞ ብድግ ብሎ ሲፎክር፣ ገደልኩ የሚለውን ቆጥሮ የሚከተለው ሰው የለም። አልቃሽ ሟቹን ስታወድስ ደግሞ ሟቹ ራሱ ቢሰማ «ይህ ሁሉ ስለ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የአማርኛ ትምህርት መጽሐፍም ለነገሩ የክብር ቦታ ሰጥቶታል፤ «ግነት» ብሎ ከተነጻጻሪ፣ ከተለዋጭና ከሰውኛ ጋር በዘይቤዎች ተርታ አስቀምጦታል። ባለቤቴ ውሸት የምትለውን እኔ ዘይቤ እለዋለሁ።

መከላከያዬ ግን ቀዳዳ አለው፤ ሌላ ሰው ሳያገኘው ራሴ ልናገር። እናቴ ሺህ ጊዜ ስትል ሺህ እንዳልሆነ እሷም እኔም እናውቃለን። አልቃሿም፣ ፎካሪውም፣ ሰሚውም ያውቃሉ። እኔ ግን የምጨምረው እንዲታመንልኝ ነው። ስለዚህ ሺህ አልልም፤ ሺህ ያስታውቃል። 347 ነው የምለው። የተሰባበረ ቁጥር የቆጠረ ሰው ያስመስላል።

አንድ ዓመት ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምር፣ ስለዚሁ ስለ እኔ አመል የሚናገር የእንግሊዞች ፈሊጥ ደረሰብኝ። ጥቃቅኑን ነገር እያካበደ የሚያስጨንቅን ሰው «ከፍልፈል ጉብታ ተራራ ይሠራል» ይሉታል። በደንብ ተዘጋጅቼ ነበር የገባሁት። አባባሉ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ መታየት የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1548፣ በኒኮላስ ዩዳል እጅ መሆኑን ነገርኳቸው። ከዚያ በፊት በጥንቱ ዓለም ከዝንብ ዝሆን መሥራት ይባል እንደነበር፣ ሩሲያውያን እስከ ዛሬ ዝንቧን፣ ጀርመኖች ደግሞ ትንኟን ዝሆን እንደሚያደርጉ አከልኩ። የእኛው «በሬ ወለደ» ከሁሉም እንደሚብስ አስረዳሁ፤ ሌሎቹ ቢያንስ አንድ ትንሽ ነገር ይዘው ይነሳሉ፣ እኛ የምንነሳው ከባዶ ነው። ክፍሉ ሳቀ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ መምህር ነበርኩ።

ከዚያ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ከባንጃ በኩል የመጣ፣ ቤተሰቦቹ ድንች የሚያመርቱ።

«ቲቸር፣ ፍልፈል ጉብታ አወጣ ማለት እኮ ቀላል ነገር አይደለም።»

«እንዴት?»

«ድንች ማሳ ላይ ከታየ ቤተሰቡ ሁሉ ተጠርቶ ነው የሚወጣው። ላይ ላዩን ሲያዩት ቅጠሉ ለምለም ነው፤ ሲቆፈር ድንቹ የለም። ሰው የሚስቀው ጉብታውን አይቶ ዝም ባለ ገበሬ ነው።»

ክፍሉ በአንድ አፍ ከልጁ ጎን ቆመ። የፍልፈል ወሬ የሌለው አልነበረም፤ ወጥመዱ፣ ጭሱ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ አድብቶ መጠበቁ። ልጁ ልክ ነበር። የእንግሊዞቹ ጉብታ ሠሪ ትልና ነፍሳት ለቃሚ ነው፤ ጥፋቱ ቢበዛ የባላባት ሣር ማበላሸት ነው። የእኛው ፍልፈል የአይጥ ወገን ነው፤ ሥራ ሥር እየቆረጠ ይበላል፣ የተረፈውን ጉድጓዱ ውስጥ ያከማቻል። እንግሊዝ አገር ጉብታ አይቶ የሚጮህ ሰው አካባጅ ነው፤ ባንጃ ጉብታ አይቶ የማይጮህ ሰው ልጆቹን ያስርባል። ፈሊጡ ባሕር ተሻግሮ ድንች ማሳ ሲደርስ ተገልብጦ ነበር፤ የገለበጠውም የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነበር።

አንድ ደህና መምህር «ጎበዝ፣ ይህን አላሰብኩትም» ብሎ ጠመኔውን ያስቀምጣል። እኔ ግን መበለጤ አንገበገበኝ። «ይህማ ምን አላት!» አልኩ። «እኛ ቤት አንድ ፍልፈል በአንድ ሌሊት ሰባት ኩንታል ድንች በልቶ አድሯል።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጁ ተነስቶ በትሕትና ጠየቀኝ፦ «ቲቸር፣ ከነጆንያው?»

በዚያ ሴሚስተር ማጠቃለያ ፈተና ላይ «ፈሊጡን በዓረፍተ ነገር ተጠቀሙበት» ብዬ ስጠይቅ የክፍሉ እኩሌታ ዓረፍተ ነገሩን «መምህራችን» ብሎ ጀመረ። ሰዋስዉ እንከን ስላልነበረው ሙሉ ማርክ ሰጠሁ። እኩሌታ ያልኩት አራት ልጆች ናቸው።

ይህ እንግዲህ የሚያስቀው ነው። የማፍርበት ሌላ ነው፤ የሠራሁትም ዘንገና ላይ ነው። ዘንገና ከኢንጂባራ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወጣ ብሎ ይገኛል፤ የጥንት እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ጉድጓድ ውስጥ የተኛ፣ ዙሪያውን ደን የከበበው ክብ ሐይቅ ነው። የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ሊጠይቀን መጥቶ ወሰድኩት። መሐንዲስ ነው፤ ቁጥር የሚወድ ሰው። ዳር ቆሞ ሲያየው ቆየና «ጥልቀቱ ስንት ነው?» አለኝ።

«መጨረሻ የለውም» አልኩት።

እዚያ ላይ ባቆም ደግ ነበር። «ፈረንጆች መሣሪያ አምጥተው ገመዱ አለቀባቸው» አልኩ። ቀጥዬም ገመዱን ከባሕር ዳር እንዳስመጡ፣ እሱም እንዳልበቃ፣ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጠው እንደሄዱ ተረክሁለት። የአጎቴ ልጅ ምንም ሳይለኝ ስልኩን አወጣ። ጥቂት ነካ ነካ አደረገና «166 ሜትር ይላል» አለ። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። «ይኸው ነው?» የሚል ፊት ነበር።

166 ሜትር! ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ጣና፣ ደሴትና ገዳም ተሸክሞ፣ ታንኳና መርከብ አንሳፍፎ፣ ጥልቀቱ ቢበዛ ወደ 15 ሜትር ነው። በዚያች በዓይን ከዳር እስከ ዳር በምትታይ የዘንገና ጉድጓድ ውስጥ አሥር ጣና ቢነባበር ዳሩ ላይ አይደርስም። በኢትዮጵያ ሐይቆች ጥልቀት 266 ሜትር ከሚባለው ከሻላ ቀጥሎ የሚጠራው ይኸው የእኛው ዘንገና ነው። ይህን ብነግረው ኖሮ ያ መሐንዲስ አፉን ከፍቶ ይቀር ነበር። እኔ ግን መጨረሻ የለውም ብዬ ስለጀመርኩ እውነተኛው ቁጥር እንደ ሽንፈት ተቆጠረ። ጨመርኩ ብዬ ሐይቁን አጎደልኩት። ስንመለስ መንገድ ላይ «ጣናስ ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ ምናለ ብዬ ጸለይኩ። አልጠየቀኝም። ማን የእኔን ቁጥር ይጠይቃል!

ዘንገናን የማጋንነው ስለምኮራበት ይመስለኝ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን ኩራት አልነበረም። እንግዳዬ ከአዲስ አበባ ስለመጣ፣ ያለን ነገር እንዳለ ቢቀርብለት አይበቃውም ብዬ ሰግቼ ነው። የሰጋሁት ደግሞ ለሐይቁ ነው እንዳልል ሐይቁ ምንም አልጎደለውም።

በቅድመ አያቴ ላይ የሠራሁትም ከዚህ አይለይም። እኛ ዘንድ ጥር 23 ትልቅ ቀን ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ በዚያ ቀን ኢንጂባራ ላይ በዓሉን ያከብራል። የበዓሉ ታሪክ ከዓድዋ ጋር የተያያዘ ነው፤ ፈረሰኞቹ ለዘመቱበት፣ ፈረሶቹም ለወደቁበት ውለታ መታሰቢያ ነው። የካቲት 23 የጊዮርጊስ ዕለት ነበር፤ ጥር 23ም ጊዮርጊስ ነው። በእንደዚህ ያለ አገር ቅድመ አያቱ የዘመተ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። የእኔ ቅድመ አያት በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃም ጦር ውስጥ ዓድዋ ሄዶ ነበር፤ ይህ ከቤተሰብ ሲወርድ የመጣ ነው። ነጩን ፈረስ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ጋሻውንም እኔ ነኝ የሰጠሁት። በኋላ በኋላ ለፈረሱም ስም አወጣሁለት።

አንድ ጊዜ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ ውጭ አገር ያደጉ የእህቴ ልጆች ፊት ይህን ታሪክ ስተርክ አባቴን የሚከተሉ ትልቁ አጎቴ ጥግ ተቀምጠው ነበር። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ አያቴ ፈረስ አልነበረውም» አሉ። «ስንቅ የጫኑ አጋሰሶች ነበር የሚነዳ። አራት እየነዳ ሄደ፤ አንዲት በቅሎ እየነዳ ተመለሰ።»

እኔም ተሸንፎ ዝም የሚል ሰው አይደለሁምና «እርስዎ ልጅ ነበሩ፣ ረስተውት ይሆናል እንጂ ፈረሰኛ ነበር ይባላል» አልኳቸው።

«ይሁን» አሉ አጎቴ። «ያ ያንተ ፈረሰኛ ታዲያ ምን በልቶ ዓድዋ ደረሰ?»

የእህቴ ልጆች ከዚያ ወዲያ ስለ ነጩ ፈረስ አልጠየቁኝም። እስኪመሽ ድረስ አጎቴን ከበው የጠየቋቸው ስለዚያች አንዲት በቅሎ ነበር።

ለዚህ በሽታ ጓደኛ ስፈልግ ያገኘሁት ከእኛው ጎረቤት የደረሰ ስኮትላንዳዊ ነው። ጄምስ ብሩስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኖቬምበር 1770 ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ደረሰ። በመጽሐፉ ውስጥ ምንጩ የሚፈልቅበትን ምድር የአገው አገር ብሎ ጽፎታል። ምንጩ ላይ ቆሞ ውኃውን በኮኮናት ቅርፊት ቀድቶ ለንጉሡ ለሦስተኛው ጆርጅ ጤና ጠጣ፤ ወደዚህ የደረሰ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ ሲልም ለዓለም አወጀ። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለ የኢየሱሳውያን ካህን ከአፄ ሱስንዮስ ጋር በ1618 እዚያው ቆሞ እንደነበር መጻፉን ብሩስ ያውቅ ነበር፤ አውቆም ጽሑፉን ለማጣጣል ብዙ ቀለም አፈሰሰ። ከቀይ ባሕር ጎንደር፣ ከጎንደር ግሽ፣ በጦርነትና በበሽታ መሀል የደረሰ ሰው! የሄደበት መንገድ ብቻውን ለአንድ ሰው ዕድሜ ይበቃው ነበር። እሱ ግን «የመጀመሪያው» የምትለዋን ካልጨመረ አልሆነለትም። ወንድሜ፣ አውቅሃለሁ!

የደረሰበት ፍርድ ደግሞ አስቂኝ ነው። በ1790 አምስት ቅጽ መጽሐፍ ሲያሳትም ሎንዶን ይበልጥ የሳቀችበት እውነቱን በተናገረበት ላይ ነው፤ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሕዝብ አለ በማለቱ። ቁርጥ በሳምንት አንዴ ካልቀመሰ የማይሆንለት አንባቢ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል አላውቅም። በ1792 የባሮን ሙንቻውዘን የቅጥፈት ጀብዱዎች ተከታይ መጽሐፍ ሲወጣ መታሰቢያነቱ ለማን ሆነ? «ለአቢሲኒያው ተጓዥ» ለብሩስ። በውሸታሞች አለቃ መጽሐፍ ላይ ስሙ ታትሞ ቀረ። ከዚያ ብዙ ዓመት አስቀድሞ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን የኢየሱሳዊውን ሎቦን መጽሐፍ በ1735 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ሳሙኤል ጆንሰን፣ በመቅድሙ ሎቦን ያመሰገነው ያልነበረ ጭራቅና ተአምር ስላልጨመረ ነበር። ይህ ጆንሰን ብሩስን አግኝቶት ነበር፤ አላመነውም። የእኔ ባለቤት ሎንዶን ብትወለድ ኖሮ ጆንሰንን ትሆን ነበር።

ዳንግላ ደግሞ የተገላቢጦሹን ሰው አይታለች። ሜጀር ሮበርት ቺዝማን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠው ዳንግላ ነው። የጣናን ዙሪያና የዓባይን ሸለቆ እየዞረ ለካ፣ ካርታ አነሳ፤ ያየውን በ1936 በመጽሐፍ አወጣ። የለካውን እንጂ የተመኘውን አልጻፈም። እኔ ይህን ሰው ለተማሪዎቼ ሳስተዋውቅ ምን አልኩ? «ዳንግላ የእንግሊዝ ኤምባሲ ነበረባት።» አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ ኤምባሲ ዋና ከተማ ላይ አይደል እንዴ?» ስትለኝ «ዳንግላ ያኔ ዋና ከተማ ልትሆን ትንሽ ነው የቀራት» አልኳት። ቆንስላ ብል ምን ይጎድላል? ዛሬ በዚያ መንገድ የሚያልፍ መንገደኛ ስንቱ ነው ዳንግላ ቆንስላ እንደነበረባት የሚያውቀው?

ለሚዛናዊነት ያህል ማጋነን እዚሁ እኛው ምድር ላይ ለአገር የጠቀመበትን ጊዜም ልናገር፤ የሠራሁት እኔ ስላልሆንኩ አጭር ነው። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያንን ለማስወጣት በተደረገው ዘመቻ፣ እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከአርበኛው ከደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ጋር እየተገናኘ ፋጊታ ላይ ሰፍሮ ነበር። ኋላ ሌላው የእንግሊዝ መኮንን ዊንጌት ጌዴዎን የተባለውን ጦር ይዞ በበላያ አድርጎ ወጣና ኢንጂባራ ደረሰ። የመደበኛ ወታደሩ ቁጥር ወደ 1,700 ብቻ ነበር፤ ጎጃም ውስጥ የነበረው የጣሊያን ጦር ግን ብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። እነዚህ ሰዎች በድምፅ ማጉያ ለፈፉ፣ ወረቀት በተኑ፣ በሌሊት እየተበታተኑ ከየአቅጣጫው ተኮሱ። አርበኛው በየጢሻው ስለነበር ጣሊያኑ የሚያየውን ጥላ ሁሉ ጦር አደረገው። ዳንግላና ኢንጂባራ ያለ ትልቅ ውጊያ ተለቀቁ፤ የቡሬው አዛዥ ኮሎኔል ናታሌም ምሽጉን ጥሎ ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ። እዚያው ኢንጂባራ ላይ እኔ አንዲት ድንች ሻጭ «ያኛው ነጋዴ በግማሽ ዋጋ ሰጥቶኛል» ብዬ ማሳመን አልቻልኩም። «ታዲያ ለምን ከእሱ አልገዛህም?» አለችኝ።

በወረቀት ላይ ግን ተሳክቶልኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በተነገረ ጊዜ እኔም የድርሻዬን ሞልቻለሁ። ሞልቻለሁ የምለው ቅጹን ነው። ከጉድጓዱ ይልቅ ቅጹ ላይ ጎበዝ ነበርኩ። አገሩ ሁሉ እንደ እኔ ነው አልልም፤ እንዲያ ብል ደግሞ ሌላ ማጋነን ይሆናል።

የሚያሳፍረኝ ይህን ሳደርግ በአዲስ ቅዳም በኩል መመላለሴ ነው። በዚያ በፋጊታ ለኮማ ገበሬው በገዛ ማሳው ዲከረንስ የተባለ ዛፍ ይተክላል፤ አራት አምስት ዓመት ይጠብቃል፣ ይቆርጣል፣ ከሰል ያከስላል፣ ቦታውን መልሶ ያርሳል። የተራቆተው ኮረብታ በዚህ ለብሷል፤ ከሰሉ አዲስ አበባ ድረስ ይጫናል። ይህን ሲያደርግ ቅጽ የሞላለት የለም። በቅርብ ዓመታት ዛፉን በሽታ ገባበት። በመኪና አብሮኝ የተሳፈረ አንድ ገበሬ ማሳውን በመስኮት እያሳየኝ «ደረቀብኝ» አለ። ዓይኔን ወደ ማሳው ሳዞር ግራጫ ነበር። የልፋቱን፣ የዕዳውን፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ወጪ አልዘረዘረልኝም። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ኖሮ ከአዲስ ቅዳም እስከ ዳንግላ አላባራም ነበር፤ ስንወርድም ሰው ሁሉ ለአራት አካፍሎ ይረሳው ነበር። የእሱን አንዲት ቃል ግን ያካፈላት ሰው አላየሁም።

የፈረሱን ነገር እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። ዘመድ ሠርግ ላይ «የአዊ ልጅ አይደለህ? ውጣ እንጂ!» ተብዬ ወጣሁ። እህል ወደ ወፍጮ ቤት የምታመላልስ፣ ዕድሜዋ የገፋ ባዝራ ነበረች። አልጋለበችም፣ አልደነበረችም። ሣር አየችና አንገቷን ዝቅ አደረገች፤ እኔ በአንገቷ ላይ ተንሸራትቼ ሣሩ ላይ አረፍኩ። እሷ መብላቷን ቀጠለች። ዳንግላ ስመለስ «ሦስት አጥር አዝልዬ አራተኛው ላይ ጣለኝ» ብያለሁ። ባልደረቦቼ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው የፈረስ ስም ያወጡልኝ።

እንግዲህ ጥር 23 ኢንጂባራ ኑ። የማኅበሩ አባላት ከ50 ሺህ በላይ እንደሆኑ ይነገራል፤ በዕለቱ ስንቱ እንደሚወጣ ግን እኔን አትጠይቁኝ። ሜዳው ዳር ቆማችሁ ራሳችሁ ቁጠሩ። ከበዓሉ በኋላ ጊዜ ካላችሁ ወደ ዘንገና ውረዱ፤ የሚወስዳችሁ ባለ ባጃጅ መጨረሻ የለውም ካላችሁ እኔ ያስተማርኩት ልጅ ነውና 166 ሜትር መሆኑን ንገሩልኝ።